ክሱ ገና ከመጀመሪያው ውድቅ እንዲደረግልኝ ለመጠየቅ ስንት ቀን አለኝ?

ጥያቄ፦ «ጥር 2003 ዓ.ም. ከአንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ 300,000 ብር ተበደርኩ። ውሉን አዲስ አበባ ነው የተፈራረምነው፤ በሁለት ዓመት ልመልስ ነበር። ሥራው ስላልተሳካልኝ በጊዜው አልከፈልኩም። ሰኔ 2010 ላይ 40,000 ብር በባንክ አስገባሁለት፤ ከዚያ ወዲህ ምንም አልከፈልኩም። በ2015 ከሶኝ ነበር፣ መዝገቡ ተዘጋ ተባለ። አሁን ደግሞ ቀሪውን 260,000 ብር ከነወለዱ ጠይቆ በድጋሚ ከሰሰኝ። እኔ የምኖረው አዳማ ነው፤ ክሱ ግን የቀረበው አዲስ አበባ ነው። መጥሪያው ላይ ኅዳር 9 እና ታኅሣሥ 14 የሚሉ ሁለት ቀኖች አሉ። አንድ ወዳጄ ‹15 ዓመት ያለፈው ብድር በይርጋ ቀሪ ነው፤ መጀመሪያ መቃወሚያ ብቻ አስገባ፣ ብይን እስኪሰጥ መልስ አትጻፍ› አለኝ። ሌላው ደግሞ ‹ይርጋ በማንኛውም ጊዜ ይነሳል፣ ይግባኝ ላይም ይቻላል› ይለኛል። ክሱ ሳይሰማ እንዲዘጋልኝ እስከ መቼ ድረስ ነው መጠየቅ የምችለው?»

ምላሽ፦ ሕጉ «በ15 ቀን» ወይም «በ30 ቀን» የሚል ቁጥር አላስቀመጠም። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 244 የሚለው ሌላ ነገር ነው። መቃወሚያ (ክሱ ፍሬ ነገሩ ሳይሰማ እንዲዘጋ የሚቀርብ ክርክር) ያለው ሰው ያሉትን መቃወሚያዎች በሙሉ በአንድ ላይ፣ ባገኘው የመጀመሪያ አጋጣሚ ማንሳት አለበት። በዚያ አጋጣሚ ያልተነሳ መቃወሚያ እንደተተወ ይቆጠራል። ስለዚህ የእርስዎ የጊዜ ገደብ ያለው መጥሪያዎ ላይ ነው። መልስ እንዲያቀርቡ የታዘዙበት ቀን ማለት ነው፤ ኅዳር 9።

ሁለቱ ቀኖች ብዙ ሰው ያሳስታሉ። መጥሪያው ላይ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው «የመከላከያ መልስዎን እስከዚህ ቀን በጽሑፍ እንዲያቀርቡ፣ ክሱን ለመስማት ለዚህ ቀን ተቀጥሯል» የሚል ነው። ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በሁለተኛው ቀን ላይ ነው፤ ችሎት የሚቆምበት ያ ስለሆነ። ታኅሣሥ 14 መልስዎን ይዘው ቢመጡ ግን ዳኛው መዝገቡን ገልጦ «ተከሳሽ መልስ ስላላቀረበ መልስ የማቅረብ መብቱ ታልፏል» የሚል ትዕዛዝ ተጽፎ ሊያገኘው ይችላል። መጥሪያው ራሱ ያስጠነቅቃል። ባይቀርቡም፣ መልስ ሳይዙ ቢቀርቡም ክርክሩ እንደሚቀጥል ነው የሚነግርዎት። መቃወሚያዎችዎ በመልሱ ውስጥ የሚካተቱ ስለሆኑ መልሱ ሲታለፍ አብዛኞቹ አብረውት ይሄዳሉ።

ሁለቱም ወዳጆችዎ ተሳስተዋል። የአንደኛው ስህተት ግን የበለጠ ያስከፍልዎታል።

«መቃወሚያ ብቻ አስገባ፣ መልስ በኋላ» የሚለው ምክር ብዙ ሰው ይዞት የሚዞር ነገር ነው። መነሻው ይገባኛል። ሰዎች በፍሬ ነገሩ ላይ መልስ ከሰጡ መቃወሚያቸውን የተዉ ይመስላቸዋል። እንደዚያ አይደለም። በአንድ ጽሑፍ ላይ መጀመሪያ መቃወሚያ፣ ቀጥሎ ደግሞ «መቃወሚያዬ የሚታለፍ ከሆነ በአማራጭ የቀረበ መልስ» ብሎ ማቅረብ በየቀኑ የሚሠራበት አሠራር ነው፤ መቃወሚያውን አያዳክመውም። መቃወሚያውን ብቻ አስገብተው ፍርድ ቤቱ ውድቅ ቢያደርገው ግን፣ ለመልስ ሌላ ቀን የመስጠት ግዴታ አለበት ብዬ አልነግርዎትም። አንዳንድ ዳኛ ይፈቅዳል። ሌላው «ቀኑ የተሰጠህ ሙሉ መልስ እንድታቀርብበት ነበር» ይላል። ያን ጊዜ የከሳሽ ክስ ያለ እርስዎ መከላከያ ይሰማል።

«ይርጋ መቼም ይነሳል» የሚለውም ትክክል አይደለም። ይርጋ ማለት ሕጉ ለመክሰስ የሰጠው ጊዜ ማለፉ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1856 ዳኛ በራሱ ተነሳሽነት ይርጋን እንዳያነሳ ይከለክላል። ክሱ ሃያ ዓመት ቢያልፈውና ዳኛውም ቀኑን እያየው ቢሆን፣ ተከሳሹ ዝም ካለ ክርክሩ ይቀጥላል። ይርጋ የተከሳሽ መከላከያ ነው፤ ካልተጠቀመበት ይቀራል። ታች ያላነሱትን ይርጋ ይግባኝ ላይ ይዘው ቢሄዱ የሚገጥምዎት የመጀመሪያው ጥያቄ «ለምን በሥር ፍርድ ቤት አላነሳህም?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ ደህና መልስ ያለው ሰው እምብዛም የለም።

ጊዜው ቢያልፍም የማይሞቱ መቃወሚያዎች ግን አሉ። ቁጥር 244 ራሱ ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል፤ የመቃወሚያው ምክንያት የጸና ፍርድ እንዳይሰጥ የሚያደርግ ከሆነ ዘግይቶ በመነሳቱ ብቻ አይቀርም። ዋናው ምሳሌ የሥረ ነገር ሥልጣን ነው። ጉዳዩ በሕግ ለሌላ ዓይነት ወይም ለሌላ ደረጃ ፍርድ ቤት የተሰጠ ከሆነ፣ ማንም ባያነሳውም ፍርድ ቤቱ ራሱ ማቆም አለበት፤ ቁጥር 9 የሚለው ይህንኑ ነው። የግዛት ሥልጣን (ክሱ በየትኛው ቦታ ባለ ፍርድ ቤት ይታያል የሚለው)፣ ይርጋ፣ የግልግል ስምምነት ግን የዚህ ዕድል ተጠቃሚ አይደሉም። በጊዜው ካልተነሱ አለቀላቸው። «ሥልጣን ስለሆነ መቼም ይነሳል» ብለው ሁለቱን የሥልጣን ዓይነቶች የሚቀላቅሉ ሰዎች አሉ፤ ጠበቆችም ሳይቀሩ። ልዩነቱ መዝገብ ያስከፍላል።

ቁጥር 244 የሚዘረዝራቸው ምክንያቶች የታወቁ ናቸው። ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም፤ ጉዳዩ ቀድሞ በፍርድ ያለቀ ነው፤ በሌላ ፍርድ ቤት እየታየ ነው፤ ሌላኛው ወገን ለመከራከር ብቁ አይደለም፤ ለመክሰስ አስቀድሞ ፈቃድ የሚያስፈልግ ሆኖ ፈቃዱ አልተገኘም፤ ክሱ በይርጋ ታግዷል፤ ጉዳዩ በግልግል ዳኝነት የሚያልቅ ወይም አስቀድሞ በእርቅ ያለቀ ነው። ከዚህ ጎን ለጎን ክሱ የክስ ምክንያት የለውም፣ ከሳሽ በነገሩ ላይ ጥቅም የለውም የሚሉ ክርክሮችም በተለምዶ እዚሁ ቦታ ይነሳሉ። «ያን ያህል ብር አልተቀበልኩም»፣ «ወለዱ የተሳሳተ ነው»፣ «ፊርማው የእኔ አይደለም» የሚሉት ግን ከዚህ ውጭ ናቸው። እነዚህ የፍሬ ነገር መከላከያዎች ናቸው፤ ማስረጃ ይሰማባቸዋል። መቃወሚያ በሚል ርዕስ ሥር ቢጽፏቸው ዳኛው ወደ ቦታቸው ይመልሳቸዋል፤ እውነተኛ መቃወሚያ ካለዎትም መሃል ገብተው ያደበዝዙታል።

አሁን ወደ እርስዎ ጉዳይ ልግባ። ሦስት መቃወሚያ ያለዎት ይመስልዎታል። አንድ በአንድ እንያቸው።

ይርጋውን ወዳጅዎ የቆጠረው ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ ነው። ይህ የመጀመሪያው ስህተት ነው። ይርጋ የሚቆጠረው ዕዳው መከፈል ከነበረበት ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት ከሳሽ ሊጠይቅዎት አይችልምና። ዕዳዎ መከፈል የነበረበት ጥር 2005 ነው። የውል ይርጋ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1845 መሠረት 10 ዓመት ስለሆነ፣ ሌላ ነገር ባይኖር ኖሮ ጥር 2015 ላይ ያልቅ ነበር። እስከዚህ ድረስ ወዳጅዎ ቢያንስ በውጤቱ ትክክል ይመስላል።

ነገር ግን ሰኔ 2010 ላይ 40,000 ብር አስገብተዋል። ቁጥር 1851 ባለዕዳው ዕዳውን ካመነ ይርጋው ይቋረጣል ይላል። የማመን ምሳሌ አድርጎ የሚጠቅሰውም ወለድ መክፈልን፣ ከዕዳው ከፊሉን መክፈልን፣ መያዣ ወይም ዋስ ማቅረብን ነው። የእርስዎ ክፍያ ከነዚህ አንዱ ነው። ይርጋው ሲቋረጥ የቀድሞው ቆጠራ ይሰረዝና ከዜሮ ይጀምራል። አዲሱ 10 ዓመት የሚያልቀው ሰኔ 2020 ላይ ነው። ክሱ የቀረበው ከዚያ በፊት ነው። ስለዚህ የይርጋ መቃወሚያዎ አይሳካም፤ ከሳሽ የባንክ ደረሰኙን እስካያያዘ ድረስ በአንድ ገጽ መልስ ያፈርሰዋል። የጠየቀው ቀሪውን 260,000 ብር መሆኑ ራሱ ክፍያው በክሱ ላይ እንደተጻፈ ይጠቁመኛል።

እዚህ ላይ በጣም አደራ የምልዎት ነገር አለ። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «ታዲያ ያ ብር የሌላ ጉዳይ ነው ብዬ ልካድ» ይላል። አያድርጉት። የመከላከያ መልስ እውነት መሆኑን አረጋግጠው የሚፈርሙበት ጽሑፍ ነው። ባንክ ውስጥ ቀኑ፣ መጠኑና የላኪው ስም አለ። ፍርድ ቤቱ ባንኩን ጠይቆ መግለጫ ሲመጣ የሚወድቀው የይርጋ መቃወሚያዎ ብቻ አይሆንም። በወለዱ ወይም በሒሳቡ ላይ ያለዎት እውነተኛ ክርክርም ጆሮ ያጣል። ብሩ በእርግጥ ለሌላ ጉዳይ የተከፈለ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ ያን ጊዜ የሌላው ጉዳይ ሰነድ ሊኖርዎት ይገባል።

ሁለተኛው አዳማ መኖርዎ ነው። መሠረታዊው ደንብ ተከሳሽ በሚኖርበት ወይም በሚሠራበት ቦታ ይከሰሳል የሚል ስለሆነ ክርክሩ ከባዶ የተነሳ አይደለም። ግን የውል ክስ ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታ ባለ ፍርድ ቤትም ሊቀርብ ይችላል፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 24 ይፈቅዳል። ውሉን የተፈራረሙት አዲስ አበባ ነው። ክሱ እዚያ መቅረቡ በዚህ መሠረት ትክክል ነው። ቢሳካልዎት እንኳ የሚያገኙት ምንድን ነው? መዝገቡ ይዘጋል፣ ከሳሽ ሥልጣን ወዳለው ፍርድ ቤት ሄዶ ያንኑ ክስ ይከፍታል። ከአዳማ አዲስ አበባ መመላለሱ እንደሚያደክምዎት አውቃለሁ፤ ግን የድካም ጉዳይ መቃወሚያ አይሆንም።

ሦስተኛው በጥያቄዎ ውስጥ በአንድ መስመር ያለፉት ነው። እኔን ከሁሉም በላይ ያስቆመኝ ግን እሱ ነው፦ «በ2015 ከሶኝ ነበር፣ መዝገቡ ተዘጋ ተባለ።» መዝገቡ የተዘጋው ለምንድን ነው? መልሱ ጉዳይዎን ሊገለብጠው ይችላል።

ከሳሽ በቀጠሮ ቀን ቀርቷል እንበል። እርስዎም ቀርተው ከነበረ መዝገቡ የተዘጋው በቁጥር 69 ነው። ይህ ለከሳሽ ቀላል ጉዳት ነው፤ ይርጋ እስካላገደው ድረስ የዳኝነት ክፍያ ከፍሎ አዲስ ክስ መክፈት ይችላል። እርስዎ ቀርበው እሱ ከቀረ ግን፣ እርስዎም ዕዳውን ካላመኑ፣ ክሱ ውድቅ የሚሆነው በቁጥር 73 ነው። ያን ጊዜ ቁጥር 74 በዚያው ነገር አዲስ ክስ እንዳያቀርብ ይከለክለዋል። ያለው መንገድ በአንድ ወር ውስጥ በቂ ምክንያቱን አስረድቶ ያ ትዕዛዝ እንዲነሳለት ማመልከት ነበር። ይህን ሳያደርግ ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ አዲስ መዝገብ ከከፈተ፣ እርስዎ ጠንካራ መቃወሚያ አለዎት። «በፍርድ ያለቀ ነው» ብለው ብቻ አይጻፉት፤ በፍሬ ነገሩ ላይ የተሰጠ ፍርድ ስለሌለ ከሳሽ በዚያ በኩል ይከራከርዎታል። ቁጥር 73ን እና 74ን በግልጽ ጠቅሰው ይጻፉ።

መዝገቡ የተዘጋው ከሳሽ ራሱ ክሱን ስላነሳ፣ ወይም መጥሪያ ሳያደርስ ስለቀረ፣ ወይም ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለኝም ስላለም ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሁሉ ውጤታቸው ይለያያል። ስለዚህ «ተዘጋ ተባለ» በሚል ወሬ ምንም ነገር አይጻፉ። የ2015ቱ መዝገብ ወደነበረበት ፍርድ ቤት ይሂዱ። የመዝገብ ቁጥሩን ካላወቁ በስምዎና በከሳሽ ስም ያስፈልጉ። መዝገቡ ሲወጣ የመጨረሻውን ገጽ ያንብቡ። ከላይ «የቀረቡ» እና «ያልቀረቡ» ተብሎ ማን ችሎት እንደነበረ ተጽፏል፤ ከሥር ደግሞ ትዕዛዙ የተሰጠበት ቁጥር አለ። እነዚያ ሁለት መስመሮች ናቸው የሚፈልጓቸው። የተረጋገጠ ግልባጭ ወስደው ከመልስዎ ጋር ያያይዙ። መዝገብ ከማኅደር ክፍል እስኪወጣ ቀናት ስለሚፈጅ ይህን ለመጨረሻው ሳምንት አይተዉት። ግልባጩ በጊዜው ካልደረሰልዎት መቃወሚያውን በመዝገብ ቁጥሩ ጠቅሰው ያቅርቡና መዝገቡ እንዲቀርብ ትዕዛዝ ይጠይቁ። ማስረጃው ስላልደረሰ መቃወሚያውን ማዘግየት ግን አይሞከርም።

እርስዎ ያልጠየቁኝ አንድ ነገር አለ፤ የብድር ውሉን እንደገና ያንብቡ። «አለመግባባት ቢፈጠር በግልግል ዳኞች ይታያል» የሚል አንቀጽ ካለበት ይህም መቃወሚያ ነው። በመጀመሪያው መልስዎ ላይ ካልጠቀሱት ግን ጠፋ ማለት ነው። ከ40,000 ብሩ ጊዜ ጋር ተያይዞ በሽማግሌ ፊት የተፈራረማችሁት ወረቀት ካለም አምጥተው ለጠበቃ ያሳዩ። የእርቅ ስምምነት መቃወሚያ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ሁለት ስለት አለው፤ ከሳሽ በእርቁ መሠረት ክፈለኝ ብሎ ሊመለስ ይችላል።

መቃወሚያው ሲቀርብ ምን ይሆናል? ፍርድ ቤቱ ከሳሽ አስተያየት እንዲሰጥበት ያደርጋል፤ አስፈላጊ ከሆነ ማስረጃ ያስቀርባል፤ ከዚያ ብይን ይሰጣል። መቃወሚያው ተቀባይነት ካገኘ ውጤቱ በምክንያቱ ይወሰናል። በይርጋ ወይም በፍርድ ባለቀ ጉዳይ ከሆነ ክሱ ውድቅ ይደረጋል፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል። በሌሎቹ ምክንያቶች ከሆነ በመርህ ደረጃ መዝገቡ ይዘጋል እንጂ የከሳሽ መብት አይሞትም፤ ጉድለቱን አስተካክሎ ይመለሳል። መቃወሚያ ከመጻፍዎ በፊት «ይህ ቢሳካልኝ ነገሩ ያልቃል ወይስ ይራዘማል?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። የሚያራዝመው ብቻ ከሆነ ሒሳቡን ይሥሩ። ውሉ ሌላ ካላለ ሕጋዊው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው። በ260,000 ብር ላይ ይህ በዓመት 23,400 ብር ነው። በመጨረሻ ከተሸነፉ ያራዘሙት ጊዜ በእርስዎ ላይ ይቆጠራል፤ የከሳሽ ወጪና ኪሳራም ይጨመርበታል።

መቃወሚያዎ ውድቅ ከሆነ ወዲያው ይግባኝ ማለት አይችሉም። ቁጥር 320 በመቃወሚያ ላይ የሚሰጥ ብይንን ከመሐል ይግባኝ አውጥቶታል። ክርክሩ ይቀጥላል፤ የመጨረሻው ፍርድ ሲሰጥ ግን የመቃወሚያውን ብይንም የይግባኝ ምክንያት አድርገው ማንሳት ይችላሉ። ለዚያ የተሰጠው ጊዜ ፍርዱ ከተሰጠበት ጀምሮ 60 ቀን ነው። መቃወሚያዎ ተቀባይነት አግኝቶ ክሱ ውድቅ ቢደረግ ከሳሽ በዚያው 60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ሊል ይችላል፤ ስለዚህ በብይኑ ማግስት ፋይሉን አይጣሉት።

ቀኑ ቢያመልጥዎትስ? በሩ ሁሉ አይዘጋም፤ ግን እየጠበበ ይሄዳል። ክርክሩ ገና እየተሰማ ከሆነ በቀጣዩ ቀጠሮ ቀርበው በቂ ምክንያትዎን ያስረዱ። በሌሉበት ፍርድ ከተሰጠ በቁጥር 78 መሠረት ፍርዱን ካወቁበት ቀን ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ እንዲነሳ ማመልከት ይቻላል። ሆኖም መጥሪያው በአግባቡ እንዳልደረስዎት ወይም እንዳይቀርቡ ያገደዎት በቂ ምክንያት እንደነበረ ማስረዳት አለብዎት። እርስዎ መጥሪያውን በእጅዎ ተቀብለዋል፤ ቀኖቹንም አንብበው ጽፈውልኛል። «አልደረሰኝም» የሚለው መንገድ ለእርስዎ ዝግ ነው። መልስዎን አስገብተው አንድ መቃወሚያ ቢረሱ ደግሞ መልሱን ለማሻሻል ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል። ከሳሽ ግን «በመጀመሪያው አጋጣሚ አላነሳውም» ማለቱ አይቀርም፤ ብዙ ጊዜም ይሰማለታል። ጠበቃ ለማነጋገር ጊዜ ካነሰዎት፣ ቀኑ ሳይደርስ ምክንያቱን ከማስረጃ ጋር አያይዘው ተጨማሪ ቀን ይጠይቁ። ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚቀርብ ልመና ሌላ ነገር ነው።

ይህ ሁሉ ለመደበኛ የፍትሐ ብሔር ክስ ነው። የሥራ ክርክር፣ የታክስ ይግባኝ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ቅሬታ ያላችሁ አንባቢዎች ቀኖቹን ከዚህ አትውሰዱ። ለምሳሌ ከሥራ የተባረረ ሠራተኛ ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ ለመክሰስ ያለው ጊዜ 3 ወር ብቻ ነው፤ የውሉ 10 ዓመት እዚያ አይሠራም። በየራሳቸው አዋጅ የሚመሩ ናቸው።

ለእርስዎ የምመክረው ይህ ነው። መቃወሚያውንና ሙሉ መልስዎን በአንድ ጽሑፍ፣ እስከ ኅዳር 9 ድረስ ያስገቡ። የግዛት ሥልጣኑን ይተዉት። ይርጋውንም ይተዉት፤ የሚያውቁትን ክፍያ ደብቆ ካልሆነ በቀር የሚቆም መቃወሚያ አይደለም። ጉልበትዎን የ2015ቱ መዝገብ ላይ ያውሉት። የተዘጋው በቁጥር 73 ከሆነ ያንን አንድ መቃወሚያ ከላይ በግልጽ ይጻፉ፤ ቀኑ፣ የመዝገብ ቁጥሩ፣ ማን ቀርቦ ማን እንደቀረ፣ ትዕዛዙ እንዳልተነሳ። ከሥሩ «በአማራጭ» ብለው በሒሳቡና በወለዱ ላይ ያለዎትን መልስ ያስቀምጡ። ወለዱ ከመቼ ጀምሮ፣ በስንት በመቶ፣ 40,000 ብሩ ተቀንሶለታል ወይ? እዚህ ላይ ከሳሾች ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ። መጨረሻ ላይ ክሱ ውድቅ እንዲደረግና ወጪና ኪሳራ የመጠየቅ መብትዎ እንዲጠበቅ ይጠይቁ።

መዝገቡ የተዘጋው በቁጥር 69 ከሆነ ግን እቅጩን ልንገርዎት፤ ክሱን ከጅምሩ የሚያስቀር መቃወሚያ የለዎትም። ያን ጊዜ በሒሳቡ ላይ ብቻ ተከራክረው በትይዩ ስምምነት ይሞክሩ። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ፍርድ ቤት መር የማስማማት አገልግሎት አላቸው፤ ሕጉም ተከራካሪዎች በማንኛውም የክርክር ደረጃ እንዲታረቁ ይፈቅዳል። 260,000 ብርን በየወሩ ከፋፍሎ ለመክፈል የሚቀርብ ሐቀኛ ሐሳብ ለሁለት ዓመት ከሚጎተት መቃወሚያ ይሻልዎታል። ስምምነቱ ላይ ከደረሳችሁ በመዝገቡ ላይ እንዲጸድቅ ያስደርጉ፤ በቃል ብቻ ተስማምታችሁ ቀጠሮ እንዳትቀሩ።

መልሱን ሲያስገቡ ለፍርድ ቤቱና ለከሳሽ ከሚሆነው ሌላ አንድ ተጨማሪ ቅጂ ለራስዎ ይያዙ። ሬጅስትራሩ የገቢ ማኅተምና ቀን እንዲያደርግበት ይጠይቁና ከመጥሪያው ጋር አብረው ያስቀምጡት።